አፈሩ አንድ፣ ሸክሙ ለየቅል

የሰው ልጅ ስለ ራሱ መገኛ ሲያስብ ሁለት ጥያቄዎችን ሲጠይቅ ኖሯል። አንደኛው «ከምን ተፈጠርሁ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ለምን ተፈጠርሁ?» የሚል። በቋንቋችን ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። በሕዝቦች የፍጥረት ትረካዎች ውስጥ ግን በ«ከ» እና በ«ለ» መካከል ያለው ርቀት ምድርን ያካልላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ የዓለም ሕዝቦች የሰጡት መልስ በእጅጉ ይቀራረባል፤ ውኃ፣ ጨለማ፣ ጭቃ፣ እስትንፋስ። ወደ ሁለተኛው ሲደርሱ ግን መንገዳቸው ይለያያል።

እኔ የሥነ መለኮት ሊቅ ወይም የሥነ ቁፋሮ ባለሙያ አይደለሁም። ቀኑን በባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ፣ ማታ ማታ መጻሕፍት የማገላብጥ፣ አልፎ አልፎም ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝ። ምናልባት ከሥራዬ ጠባይ የተነሣ ይሆናል፣ እነዚህን ጥንታውያን ትረካዎች ሳነብ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው በአማልክቱ ግርማ ላይ አይደለም። ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? የሚያርፈውስ ማን ነው? ሒሳቡ የሚወራረደው በማን ስም ነው? በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረውም ይህንኑ ነው፤ የፍጥረት ትረካዎች አፈራቸው አንድ ሆኖ ሳለ የሚለያዩት ሸክሙን በማን ትከሻ ላይ እንደሚያሳርፉ ነው። «ትረካ» የሚለውን ቃል የምጠቀመው ሁሉንም በአንድ መጠሪያ ለማንሣት እንጂ የማንንም እምነት ለማቃለል እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል።

፩. ውኃና ጭቃ

«ኤኑማ ኤሊሽ» የተባለው የባቢሎን ትረካ በሰባት የሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈ ነው። ከነነዌ ፍርስራሽ፣ ከንጉሥ አሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት የተገኙትን ስብርባሪዎች ጆርጅ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ በ1876 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሞ ለዓለም አስተዋወቀ። በትረካው መጀመሪያ ላይ ሰማይም ምድርም ስም አልወጣላቸውም፤ ያሉት ሁለት ውኃዎች ብቻ ናቸው፤ ጣፋጩ አፕሱና ጨዋማዋ ቲያማት። በግብፅም ከሁሉ አስቀድሞ የነበረው ኑን የተባለ ዳርቻ የሌለው ውኃ ነው፤ ከመካከሉ አንዲት ጉብታ ብቅ ትላለች፤ ፈጣሪውም በእርሷ ላይ ይቆማል። በኦሪት ዘፍጥረት ጨለማ በጥልቁ ላይ ነው፤ መንፈስም በውኃው ላይ። በእኛው አገር የኦሮሞ አባቶች ፍጥረት ከወላቡ ውኃ እንደ ወጣ ይተርካሉ።

እነዚህን መመሳሰሎች ያየ ሰው «አንዱ ከአንዱ ቀድቶ ይሆናል» ቢል አይፈረድበትም። በባቢሎንና በከነዓን መካከል መንገድ ነበረ፤ ነጋዴና ጸሐፊ ይመላለስበት ነበር። ነገር ግን ሁሉንም በመቀዳዳት መፍታት አይቻልም። የግብፅ ገበሬ በየዓመቱ የዓባይ ሙላት ሲሸሽ ጥቁር ደለል የለበሰች ጉብታ ከውኃ ስትወጣ በዓይኑ ያይ ነበር። (ያ ደለል በአብዛኛው ከእኛ ደጋ ታጥቦ የሄደ አፈር መሆኑን ሳስብ የግብፅ የፍጥረት ጉብታ ለእኔ እንግዳ አትሆንብኝም።) የመስጴጦምያ ሰውም የወንዞቹ ጣፋጭ ውኃ ከባሕረ ሰላጤው ጨው ጋር ሲቀላቀል ያውቃል። ሰው ያላየውን መጀመሪያ የሚስለው ባየው ነገር ነው።

ጭቃውም እንዲሁ ነው። በግብፅ ክኑም ሰውን በሸክላ ሠሪ መንኮራኩር ላይ ያበጃል። በመስጴጦምያ ኤንኪ ጭቃ ያስቦካል። በቻይና ኑዋ የተባለችው አምላክ ቢጫ አፈር ትድበለብላለች። በዕብራይስጥ «አዳም» የሚለው ስም «አዳማ» ከሚለው፣ አፈር ከሚል ቃል ጋር ይዛመዳል። የእኛ መምህራን ደግሞ ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት፣ እንደ ተሠራ አምልተው ያስተምራሉ።

ከዚህ ኅብር ወጣ ያለ ድምፅ የምንሰማው በዛሬዋ ጓቲማላ ከሚኖሩት ከኪቼ ማያዎች ነው። «ፖፖል ቩህ» የተባለው መጽሐፋቸው በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በላቲን ፊደል የተጻፈ ሲሆን፣ ለእኛ የደረሰው ፍራንሲስኮ ሂሜኔስ የተባለ መነኩሴ በ18ኛው መቶ ዓመት መባቻ በገለበጠው ቅጂ ነው። በዚህ መጽሐፍ ጭቃው ተሞክሮ ይከሽፋል። የጭቃው ሰው ይሟሟል፤ ይናገራል፣ ግን ልቡና የለውም። ከእንጨት የተሠራው ሁለተኛው ሰው ደግሞ ፈጣሪዎቹን አያስታውስም። የጸናው በመጨረሻ ከበቆሎ የተሠራው ነው፤ ቢጫና ነጭ በቆሎ ዘጠኝ ጊዜ ተፈጭቶ። የዕለት እንጀራው በቆሎ የሆነ ሕዝብ ሥጋውም ከበቆሎ ነው ቢል ምን ይደንቃል?

፪. አድማ የመቱት አማልክት

እስከዚህ ድረስ ልዩነቱ የአፈርና የእህል ነው። «ለምን?» ወደሚለው እንለፍ።

ከኤኑማ ኤሊሽ የሚቀድም «አትራሐሲስ» የሚባል የመስጴጦምያ ግጥም አለ። በ17ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የተገለበጠ ቅጂው እስከ ዛሬ ይገኛል። በዚህ ግጥም ሰው ከመፈጠሩ በፊት ሥራ ነበረ። ኢጊጊ የተባሉት ታናናሽ አማልክት ለታላላቆቹ ቦይ ይቆፍራሉ፤ ጤግሮስንና ኤፍራጥስን ቆፍረው ያወጡት እነርሱ ናቸው። ሌትና ቀን ሲለፉ ዘመናት ከነጎዱ በኋላ ግን መረራቸው። አካፋቸውንና ቅርጫታቸውን በእሳት አቃጠሉ፤ በውድቅት ሌሊት የአለቃቸውን የኤንሊልን ቤት ከበቡ። «አድማውን የመራው ማን ነው?» ተብለው ሲጠየቁም አንዱን አሳልፈው አልሰጡም፤ ሁላችንም ነን አሉ።

ጉዳዩ የተፈታው እንዴት ነው? ታላላቆቹ አማልክት ራሳቸው አካፋ አላነሡም። ከመካከላቸው አንዱን አርደው ሥጋውንና ደሙን ከጭቃ ጋር ለወሱና ሰውን ፈጠሩ፤ ሸክሙንም በእርሱ ጫንቃ ላይ አኖሩ። በኤኑማ ኤሊሽም ሰው የሚፈጠረው ከተሸነፈው ከኪንጉ ደም ነው፤ ዓላማውም ያው ነው፤ አማልክት እንዲያርፉ። ይህ ትረካ በባቢሎን የአዲስ ዓመት በዓል በአራተኛው ቀን በማርዱክ ቤተ መቅደስ ይነበብ ነበር። የቦይ ቆፋሪውና የጡብ ተሸካሚው ልፋት በየዓመቱ መለኮታዊ ማረጋገጫ ይሰጠው ነበር ማለት ነው።

ሆኖም የአትራሐሲስ ባለቅኔ እንዲህ በቀላሉ አይለቀንም። ሰዎች ሲበዙ ጫጫታቸው ኤንሊልን እንቅልፍ ነሣው። በወረርሽኝ፣ በድርቅ፣ በረኃብ፣ በመጨረሻም በጥፋት ውኃ ሊያጠፋቸው ተነሣ። ውኃው ምድርን ሲሸፍን ግን አማልክቱ ተራቡ፤ መሥዋዕት የሚያቀርብላቸው ሰው የለምና። የሚያርፈው ወገን የሚኖረው በሚለፋው ወገን መሆኑን ግጥሙ በአንዲት ቅጽበት ገልጦ ያሳያል።

በኪቼ ማያዎች ዘንድ ደግሞ ሰው የተፈለገው ቦይ እንዲቆፍር ሳይሆን የፈጣሪዎቹን ስም እንዲጠራና ቀናቸውን እንዲያስብ ነው። የእንጨቶቹ ሰዎች ይህን ስላላደረጉ ሲጠፉ፣ አብረው የሚነሡባቸው የገዛ ድስቶቻቸውና ወፍጮዎቻቸው፣ የገዛ ውሾቻቸውም ናቸው። ወፍጮው «ፊቴን በየቀኑ ስትፈጩት ኖራችሁ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው» የሚል ዓይነት ክስ ያቀርባል። የሚሠራን ነገር ያላስታወሰ ሰው ሰው አልሆነም ማለታቸው ይመስለኛል።

በደቡብ ሱዳን በዲንቃዎች ትረካ ደግሞ ሥራ የሰው መፈጠሪያ ምክንያት አይደለም፤ የመለያየት ምክንያት ነው። በጥንት ዘመን ሰማይ ለምድር ቅርብ ነበረ፤ በገመድ ይወጣበት ነበር፤ ሞትም አልነበረም። ለቀን ቀለብ አንዲት ፍሬ እህል ትበቃ ነበር። አንዲት ሴት ከተፈቀደው በላይ ልትወቅጥ ረጅም ዘነዘና ስታነሣ ሰማይን መታች፤ ፈጣሪም ራቀ፤ ትንሽ ወፍ ገመዱን በጠሰች። ከዚያ ወዲህ ሰው ላቡን ማፍሰስና መሞት ጀመረ። ተመሳሳይ የገመድ ትረካ በጋምቤላም በሚኖሩት በኑዌሮች ዘንድ ይገኛል። ባቢሎናዊው «የተፈጠርነው ለመልፋት ነው» ሲል ዲንቃው «ልፋት ከፈጣሪ በራቅን ጊዜ የመጣ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ሸክሙን ሕግ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ቁስል ያደርገዋል።

፫. አፍ፣ ክንድ፣ ጭንና እግር

ሸክሙ በሰው ልጅ ሁሉ ላይ ከተጫነ አንድ ነገር ነው። ከሰዎች መካከል በተወሰኑት ላይ ሲሆንስ?

በሕንድ ሪግ ቬዳ ዐሥረኛ መጽሐፍ፣ በ90ኛው መዝሙር፣ ፑሩሻ የተባለ ታላቅ ሰው ተሠውቶ ይከፋፈላል። ከዓይኑ ፀሐይ፣ ከእስትንፋሱ ነፋስ ይወጣል። ከአፉ ካህናት፣ ከክንዶቹ ተዋጊዎች፣ ከጭኖቹ ነጋዴና ገበሬ፣ ከእግሮቹ አገልጋዮች ተገኙ። ቅኔ ሆኖ ሲነበብ ዓለምን አንድ አካል አድርጎ የሚያሳይ ድንቅ ምስል ነው። ከእግር ተገኘህ ለተባለው ሰው ግን ቅኔ ብቻ አልነበረም። ከዝቅተኛው ወገን ተወልዶ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው አምቤድካር በ1946 እ.ኤ.አ. ስለ ሹድራዎች አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ሙግቱን የጀመረው ከዚሁ መዝሙር ነው። በ1950 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም «አይነኬነትን» ሻረ። አንድ የሦስት ሺህ ዓመት መዝሙር በዘመናችን የሕግ ጉዳይ ሆኖ ሊነሣ መቻሉ፣ እነዚህ ትረካዎች የእሳት ዳር ጨዋታ ብቻ እንዳልነበሩ ይመሰክራል።

ቻይናም ከዚህ ብዙ አትርቅም። በሁለተኛው መቶ ዓመት ዓመተ ምሕረት ዪንግ ሻው የተባለ ጸሐፊ እንደ መዘገበው ኑዋ የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ከቢጫ አፈር በእጇ አበጀቻቸው። ሲደክማት ገመድ በጭቃ ውስጥ ጎትታ አወጣችው፤ ከገመዱ የተንጠባጠበውም ሰው ሆነ። በእጅ የተበጁት ባለጸጎችና መኳንንት ሆኑ፤ የተንጠባጠቡት ድኾች። አፈሩ አንድ ነው፤ የአምላክ ድካም ግን በድኻው ላይ ወደቀ!

፬. ሔዋን የሸሸገቻቸው

አንድ ዓይነት ትረካ በሁለት አገር ሲተረክ እንዴት እንደሚለያይ ከሁሉ በላይ ያሳየኝ የሔዋን ልጆች ነገር ነው።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ስለ ዛር አመጣጥ ሲነገር ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት ይባላል። እግዚአብሔር ሊጎበኛት በመጣ ጊዜ ዐሥራ አምስቱን ቆነጃጅት ሸሸገች። እርሱም የሸሸገቻቸው ተሸሽገው እንዲቀሩ ፈረደ። የታዩት ሰዎች ሆኑ፤ ያልታዩት ዛር ሆኑ። ልጁና ከብቱ በዓይን እንዳይበላበት መቁጠር የሚፈራ ሕዝብ፣ እናት ልጇን ብትደብቅ ለምን እንደ ሆነ ያውቃል።

በጀርመን አገር ደግሞ በገጣሚው ሐንስ ዛክስ ብዕር በ16ኛው መቶ ዓመት ተጽፎ፣ ኋላም የግሪም ወንድማማቾች በተረት መድበላቸው ያካተቱት ተረት አለ። በዚህኛው ሔዋን የምትሸሽገው መልከ ጥፉዎቹን ነው። እግዚአብሔር ቆነጃጅቱን ባርኮ ንጉሥ፣ መስፍን፣ ነጋዴ፣ ሊቅ አደረጋቸው። እናት ይህን ቸርነት አይታ የሸሸገቻቸውን ብታወጣቸው፣ ገበሬ፣ አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ አሽከር ብሎ ባረካቸው። ብታጉረመርም፣ ሁሉ ንጉሥ ከሆነ እህሉን ማን ያበቅላል የሚል መልስ ተሰጣት፤ እርሷም ተቀበለች።

እናቲቱ አንድ ናት፤ ጉብኝቱም አንድ ነው። አንዷ ውበትን ከፍርሃት የተነሣ ደበቀች፤ አንዷ መልከ ጥፉነትን ከኀፍረት የተነሣ። የኛው ትረካ የማይታየውን ዓለም አስረዳበት፤ የጀርመኑ ገበሬ ለምን ገበሬ ሆኖ እንደሚቀር አስረዳበት።

፭. ሰባተኛው ቀን

ወደ ባቢሎን ልመልሳችሁ። ኢየሩሳሌም በ586 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ፈርሳ ብዙ አይሁድ ወደዚያች ከተማ ተማረኩ። ኦሪት ዘፍጥረት የሚከፈትበት ምዕራፍ የመጨረሻ መልኩን የያዘው በዚያ ዘመን አካባቢ ነው የሚሉ አጥኚዎች ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ከሆነ፣ ምርኮኞቹ ይኖሩ የነበረው ሰው ለልፋት ተፈጠረ የሚል ትረካ በየዓመቱ በሚነበብበት ከተማ ነው። በእነርሱ መጽሐፍ ግን የሰው መፈጠር ፈጣሪን ከድካም አያሳርፍም፤ ፈጣሪ በቃሉ ያዝዛል እንጂ አይደክምም። በግብፅ «የአምላክ ምስል» መባል በብዛት የፈርዖን ማዕረግ ነበር፤ «ቱታንክአሙን» የሚለው ስም ራሱ «የአሙን ሕያው ምስል» ማለት ነው። በዘፍጥረት ግን ይህ ማዕረግ ለአዳም ልጅ ሁሉ ተሰጠ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈጣሪ ያረፈበት ቀን በዐሠርቱ ትእዛዛት ለሰውም ዕረፍት ሆነ፤ ለጌታው ብቻ ሳይሆን ለባሪያው፣ ለገረዲቱ፣ ለበሬው፣ ለመጻተኛው ጭምር። በባቢሎን አማልክት እንዲያርፉ ሰው ይሠራል፤ እዚህ ፈጣሪ ስላረፈ ባሪያው ያርፋል። ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት አላውቅም።

ይህን ዕረፍት አስፍቶ የሚተርከው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። መጽሐፉ በመጀመሪያ በዕብራይስጥ ቢጻፍም ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን የተገኙት የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ጸሐፍቶቻችን የጠበቁት ቃል ምን ያህል ታማኝ እንደ ሆነ አስመስክረዋል። ኩፋሌ በስድስቱ ቀናት የተፈጠሩትን 22 ብሎ ይቆጥራል፤ ከአዳም እስከ ያዕቆብም 22 ትውልድ ነው ይላል። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ድምሩን ሳልፈትሽ አላልፍም፤ በኩፋሌ 7፣ 1፣ 4፣ 3፣ 3፣ 4 ነው። በአክሲማሮስ ትምህርት ደግሞ የእሑድ 8፣ የሰኞ 1፣ የማክሰኞ 3፣ የረቡዕ 3፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 4 ነው። የየዕለቱ ይለያያል፤ ጠቅላላ ድምሩ ግን ከነሙሉ ክብሩ 22 ይመጣል። እኔ በሥራዬ ብዙ መዝገብ አስታርቄያለሁ፤ እንዲህ ያማረ ማስታረቅ ግን አላየሁም። ስለ ሰንበት ሲናገር ኩፋሌ መላእክት በሰማይ አስቀድመው ይጠብቋት ነበር ይላል፤ ከአሕዛብ መካከል ግን የሚሰጣት ለእስራኤል ብቻ ነው። ዕረፍትም አጥር ሊበጅላት እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በአገራችን ታሪክ ይህ ጉዳይ ሰው አሳድዷል። አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እሑድም ሰንበት ናቸው ብለው በማስተማራቸው አገር ለቀው እስከ አርመን ተሰደዱ፤ በ1352 እ.ኤ.አ. በዚያው ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት ተከልክለው ተገፍተው ኖሩ። ዐፄ ዳዊት በ1404 እንደ ልማዳቸው እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ባስጠሩት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ክርክሩ የሃይማኖት ነበር፤ ፍሬው ግን እስከ ገበሬው ማረሻ ድረስ ወረደ። ፈጣሪ በየትኛው ቀን ዐረፈ የሚለው ጥያቄ በሬው በየትኛው ቀን ከቀንበር ይፈታል የሚል ጥያቄም ነበረና።

፮. ሸክላ ሠሪው

በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። ያስቀረጸው በስምንተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግብፅን የገዛው የኩሹ ንጉሥ ሻባካ ነው፤ ምስጥ ከበላው አሮጌ ጽሑፍ አስገለበጥሁት ይላል። በድንጋዩ ላይ የሜምፊሱ ፕታህ ዓለምን በልቡ አስቦ በምላሱ ተናግሮ ይፈጥራል። ፕታህ የእጅ ባለሙያዎች አምላክ ነው፤ የአንጥረኛውና የቀራጺው ጠባቂ። በዚያች ከተማ እጁ የሚሠራውና ልቡ የሚያስበው አንድ ናቸው። በኋለኛው ዘመን የድንጋዩን ዋጋ ያላወቁ ሰዎች ወፍጮ አደረጉት ይባላል፤ ጽሑፉም መሐሉ ላይ ተፍቋል።

ይህን ሳነብ ወደ ገዛ አገሬ አስባለሁ። ፈጣሪ አፈር አድቦልቡሎ አዳምን እንዳበጀ በየዐውደ ምሕረቱ ስንሰማ የኖርን ሕዝብ፣ አፈር የምታቦካውን ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» ብለን ከማዕዳችን አርቀናል። በጀበናዋ ቡና ጠጥተን፣ በምጣዷ እንጀራ በልተን እጇን ተጸይፈናል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው!

የፍጥረት ትረካ ሁሉ ሁለት ስለት አለው ማለት ነው። በአንድ ሪግ ቬዳ መጽሐፍ ውስጥ 90ኛው መዝሙር ሰውን በማዕረግ ይከፋፍላል፤ 129ኛው ደግሞ ይህ ፍጥረት ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ይኖር ይሆን ብሎ ጥያቄውን ክፍት አድርጎ ይተወዋል። ትረካዎቹን የወረስናቸው ሳንመርጥ ነው። የምንመርጠው አነባበቡን ነው፤ ከአንድ አፈር መሆናችንን አንሥተን ሸክሙን ልንካፈል፣ ወይም እግርና አፍ ብለን ሸክሙን በሌላው ላይ ልንቆልል።

እኔ የመረጥሁትን በስንኝ ልበልና ላብቃ፤

ጭቃ ነው አባቴ፣ ጭቃ ነው አባትህ፤
ከወዴት መጣልህ፣ የወርቁ ሐረግህ?
ጭቃ የነካ እጅ፣ ከሆነ ነውረኛ፣
ማን ብለን እንጥራው፣ ያበጀንን እኛ?